ያልተረገጠው የኖራ መስመር

ሬሳው የተገኘው ኳስ ወርዋሪው በሚቆምበት ጉብታ ላይ ነበር።

በጀርባው ተንጋሏል። የጭንቅላቱ ግራ ጎን ገብቷል። ደረቱ ላይ ከዘንግ ጋር የተቸነከረ ካርቶን ተጋድሟል፤ በቀይ ቀለም «ላትሮፕ፣ ቡድናችንን ልቀቅ» ይላል። ካፊያው ቀለሙን አሟሙቶ ወደ ሸሚዙ አውርዶታል። ደሙ የቱ፣ ቀለሙ የቱ እንደሆነ ለመለየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

መርማሪ አይሪን ሃላስ ጎንበስ አለች።

ሟቹን ግሬቨንፖርት ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። ኤሜት ሃልዴን፣ የመልሕቆቹ ሥራ አስኪያጅ። መልሕቆቹ የከተማዋ የቤዝቦል ቡድን ናቸው፤ የብረት ፋብሪካው ተዘግቶ ወደቡ ከዛገ ወዲህ ለከተማዋ የቀሯት እነሱ ብቻ ናቸው። ሃልዴን ደግሞ በሁለት የጨዋታ ዘመን ውስጥ እነሱኑ ቆራርጦ የሸጠ ሰው ነው። መጀመሪያ ምርጡን ወርዋሪ ሸጠ። ቀጥሎ እዚሁ ሐይቁ ዳር ተወልዶ ያደገውን፣ ሕዝቡ በቁልምጫ የሚጠራውን ልጅ ሸጠ። ከዚያ ደመወዙ ከፍ ያለውን ሁሉ በየተራ አሰናበተ። ይህ በጋዜጣዊ መግለጫ «የደመወዝ ወጪን ማስተካከል» ይባላል። ሥጋ ቤት ውስጥ ሌላ ስም አለው።

ሃልዴን ቢላዋ ነበር። የያዘው እጅ የፕሬስኮት ላትሮፕ ነው። ላትሮፕ ሀብቱን ከአባቱ ወረሰ፤ ቡድኑንም ከአባቱ ወረሰ፤ ዓይን አውጣነቱን ብቻ በራሱ ጥረት አገኘው። ስታዲየሙን የሠራችው ከተማዋ ናት፣ ከዳቦ ጋጋሪውና ከነርሷ በለቀመችው ግብር። ሰውየው ግን አርጅቷልና አዲስ ሥሩልኝ አለ። ከተማዋ የለኝም አለች። እንግዲያውስ ቡድኑን ወደ ደቡብ እወስደዋለሁ፣ እዚያ መሬቱም ገንዘቡም ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል አለ። የከለከለው የኪራይ ውሉ ብቻ ነው። ውሉ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል፤ መውጫ በሩም አንድ ብቻ ነው፦ የከተማዋ ነዋሪዎች በተጫዋቾችና በሠራተኞች ሕይወት ላይ አደጋ ካደረሱ ቡድኑ መሄድ ይችላል።

አሁን ጉብታው ላይ የሞተ ሠራተኛ ተጋድሟል። ደረቱ ላይ የነዋሪ ካርቶን አለ።

ማክሰኞ ነበር፤ ጨዋታው ከምሳ በኋላ ነው። የሜዳ ሠራተኞቹ በጠዋት የጨዋታውን ወሰን በነጭ ኖራ አስምረው ቁርስ ሊበሉ ወጥተዋል። ሲመለሱ ሃልዴንን አገኙት። የራሰው ቀይ አፈር የሆነውን ሁሉ ይዞ ቆይቷል። የሟቹ የቆዳ ጫማ ከመልበሻ ክፍሎቹ መውጫ ተነስቶ ጉብታው ድረስ ሄዷል፤ አልተመለሰም። አንድ የጎማ ቦቲ ደግሞ በቀኝ በኩል ካለው የተመልካቾች በር ተነስቶ ጉብታው ድረስ ሄዷል፤ ተመልሷል። ሲመለስ እየሮጠ ነው።

ቦቲዎቹ የሠራተኞቹ ናቸው፤ ሁልጊዜ እዚያ በር ሥር ተደርድረው ይቀመጣሉ። ትልልቅ ስለሆኑ ማንም ሰው ከነጫማው ያጠልቃቸዋል። አንደኛው ጥንድ ታጥቦ ተመልሷል። ሰውየው የተመታበት ዱላም ታጥቦ፣ የተጫዋቾች ዱላ በሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተሰክቷል።

የሃላስ ተባባሪ ፒንክኒ ገዳዩ ንጹሕ ሰው ነው ሲል ቀለደ። አልሳቀችለትም።

ተጠርጣሪ ለማግኘት ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ሌኒ ቫሽኮ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው። «ቡድናችንን ልቀቅ» የሚለው ሰልፍ መሪም እሱ ነው። ካርቶኑ የእሱ ነው፤ የእጅ ጽሑፉን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ላይ የስታዲየሙ ጥበቃ ኃላፊ ካርል ዱቢን ጠዋት ከመቀመጫዎቹ መሃል ሲያባርረው እንደነበር ተናገረ።

ቫሽኮ ጣቢያ ሲቀርብ የነጂ ደንብ ልብሱን እንደለበሰ ነበር።

«ሬዲዮ ላይ ምን አልክ?» አለችው ሃላስ።

«ብዙ ነገር።»

«ስለ ሃልዴን።»

ቫሽኮ ጣሪያውን አየ። «እዚያ ጉብታ ላይ ነው የምንቀብረው ብያለሁ።»

«እኛም እዚያው ጉብታ ላይ አገኘነው።»

«እንግዲህ አውቶቡስ ነጂ እንጂ ነቢይ አይደለሁም።»

«እንዴት ገባህ?»

በቋሊማ ሻጮቹ በር ነው አለ። ካርቶኑን ቀኝ መቀመጫዎቹ ፊት ያለው አጥር ላይ ሊሰቅለው ነበር፤ ዱቢን ሲጮህበት በሩ ሥር ጥሎት ሮጠ። ሜዳውን በዕድሜው ረግጦት አያውቅም፤ በሕልሙ ካልሆነ።  ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«መርማሪ፣ እኔ ገደልኩ ከተባለ ቡድኑ ይሄዳል። ይገባሻል? ስለመታሰሬ ግድ የለኝም። እኔን ሲያስሩ ግን ለላትሮፕ በሩ ተከፈተለት።»

ያለው ትክክል ነበር። አስከሬኑ ገና ሳይቀዘቅዝ ላትሮፕ ጥቁር ክራቫት አስሮ ጋዜጠኞች ፊት ቆሟል። ልባችን ተሰብሯል አለ። በዚህች ከተማ የሠራተኞቼን ሕይወት ማስጠበቅ አልቻልኩም አለ። ጠበቆቹ ውሉ እንዲፈርስ በዚያው ቀን ማመልከቻ አስገቡ፤ ዳኛዋም ለዓርብ ቀጠረች።

ከንቲባው ሃላስን በስልክ አገኛት። በትሕትና ጀምሮ፣ ገዳዩ ደጋፊ ባይሆን ለከተማዋ ምን ያህል እንደሚጠቅም አስረዳት። የላትሮፕ ጠበቃ ደግሞ ቫሽኮ እስካሁን ለምን በይፋ እንዳልተከሰሰ ጠየቃት። ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጠች፤ ገዳዩን የምትፈልገው ለከተማዋ ወይም ለባለሀብቱ ሳይሆን ለሃልዴን ነው። ሁለቱም ተቀየሟት። ባለሥልጣንና ባለሀብት በአንድ ጊዜ ሲቀየሙ መንገዱ ትክክል ነው ማለት ነው፤ ግን የት እንደሚያደርስ አይታወቅም።

ያን ጠዋት ሃልዴን በሞተበት ሰዓት ስታዲየሙ ውስጥ የነበሩት ጥቂቶች ናቸው። ተጫዋቾቹ ገና አልመጡም። የሜዳ ሠራተኞቹ በሙሉ መንገድ ማዶ ምግብ ቤት ውስጥ እንቁላል ሲበሉ ታይተዋል። የቀሩት ቫሽኮ፣ ዱቢን፣ ላይ ቢሮው ውስጥ የነበረው ላትሮፕ፣ እና አሰልጣኙ ሜርል ኦስትራንደር ናቸው።

መጀመሪያ ዱቢን ላይ አተኮሩ። ቁልፉ ሁሉ እሱ ዘንድ ነው፤ የት እንደነበረም ዋሽቷል። ቫሽኮን ካባረርኩ በኋላ ዋናው በር ላይ ነበርኩ ይላል፤ በሩ ላይ ያየው የለም። ፒንክኒ አጥብቆ ሲይዘው ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ አመነ፤ በኋላ በር በኩል አሮጌ መቀመጫዎች እየነቀለ መኪናው ላይ ሲጭን ነበር። ቡድኑ ከሄደ ሰዎች ለማስታወሻ ይገዙታል ብሎ ነው። ጎረቤቱ ጋራዥ ውስጥ ተደርድረው አገኟቸው፣ ብሎናቸው ላይ ጭቃው ገና አልደረቀም።

«ከተማዋ ገና ሳትሞት ከፈን እየሸጥክላት ነው እንዴ?» አለው ፒንክኒ።

ዱቢን ሁሉም የድርሻውን እየወሰደ ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ጥፋተኛ ብሎ ተቆጣ።

ረቡዕ ማታ ሃላስ የሜዳውን ፎቶዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስታይ ቆየች። ወደ ጉብታው ሲሄድ የቦቲው እርምጃ አጭርና እኩል ነው፣ የከባድ ሰው እርምጃ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ረዝሟል። ኖራው ጋ። ሰውየው መስመሩ ሲደርስ እግሩን ዘርግቶ ተሻግሮታል። ነጩ መስመር ምንም አልተነካም። ሲመለስም እንዲሁ፤ ሰው ገድሎ እየሮጠ፣ ኖራው ጋ ሲደርስ ዘሎታል። የሟቹ ጫማ ግን ኖራውን መሃሉ ላይ ረግጦ፣ ነጩን ይዞ ጉብታው ድረስ ሄዷል።

አባቷ ትዝ አላት። አባቷ በወጣትነቱ በትንንሽ ከተሞች ቡድን ውስጥ ወርዋሪ ነበር። ቤዝቦል የተጫወተ ሰው የወሰኑን መስመር አይረግጥም፤ መርገጥ መጥፎ ገድ ነው። አባቷ ጨዋታ ካቆመ በኋላ እንኳ የገበያ አዳራሹ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በነጭ የተቀባውን መስመር ሁሉ፣ ድንችና ወተት ተሸክሞ እየዘለለ ነበር የሚያልፈው። እናቷ በዚህ ታፍር ነበር። አባቷ የሚዘል አይመስለውም፤ ስትነግረው ይክድ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ቫሽኮን ከእስር አስወጥታ ሜዳው ዳር አቆመችው። መስመሩ እንደገና ተሰምሯል። ወደ ጉብታው ሂድ አለችው። ሄደ። ኖራውን በድፍኑ ረገጠው፤ ከሁለት እርምጃ በኋላ ነው ትዝ ብሎት ዞሮ ያየው።

«ውይ። አይረገጥም አይደል?»

«ታውቅ ነበር?»

«ማን የማያውቅ አለ? ግን እኔ መቀመጫ ላይ ነው ያደግሁት። አፌ ያውቀዋል፣ እግሬ የት ያውቀዋል?»

ይህን ሲል ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አየ መሰለው።

ከዚያ ቫሽኮ የረገጠው መስመር እንደገና እንዲሰመር አድርጋ የቀሩትን ሦስት ተጠርጣሪዎች አስጠራች። እሷ ጉብታው ላይ ቆማ ጃንጥላ ይዛለች፤ ፒንክኒ ዳር ቆሟል። ማን ከየት ምን ማየት እንደሚችል ልታረጋግጥ እንደሆነ ነገረቻቸው። ዱቢን ቀደመ፤ ኖራውን እየጎተተ አለፈ። ላትሮፕ ተከተለ፣ ስለ ጫማው እያጉረመረመ። ነጩን ዱቄት ሲረግጥ ልብ እንኳ አላለም። ቡድኑን በውርስ ያገኘው ሰው ሜዳው ላይ ሲቆም የመጀመሪያ ጊዜው ሳይሆን አይቀርም።

ኦስትራንደር የመጨረሻው ነበር። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ያመዋል። ከተማዋ ዋንጫ ያነሳችው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን ያነሳላት እሱ ነው። ስለ ሃልዴን ቀብር እያወራ መጣ፣ አበባ ማን እንደሚልክ፣ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚለብሱ። ኖራው ጋ ሲደርስ ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ወደ መሬት ሳያይ፣ የታመመ ጉልበቱን አንስቶ ተሻገረው።

ሃላስ ጃንጥላውን አጠፈችው።

«አሰልጣኝ፣ ለምን ዘለሉ?»

«ምኑን?»

«ዞረው ይዩ።»

ዞሮ አየ። ሁለት ጫማ ኖራውን ረግጦ አልፏል። በሦስተኛው ዱካ መሃል ነጩ መስመር ንጹሕ ነው።

«የተጫወተ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ።

«አዎ፣ የተጫወተ ሰው ሁሉ። ማክሰኞ ጠዋት ታዲያ ስንት የተጫወተ ሰው ነበር እዚህ?»

አሰልጣኙ ዓይኑን ወደ መስመሩ መለሰ።

«ቦቲ ያጠለቀው ሰው ሲመጣም ዘሎታል፣ ሲሸሽም ዘሎታል። የሞተ ሰው ከኋላው ትቶ እየሮጠ፣ ለኖራ ክብር ሰጠ።»

ላትሮፕ ይህ ክስ ሳይሆን ተረት ነው ብሎ ጣልቃ ገባ፤ አሰልጣኙ ያለ ጠበቃ እንዳይናገርም አዘዘ። ኦስትራንደር ወደ እሱ ዞሮ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጉብታው ላይ፣ እርጥቡ አፈር ላይ ተቀመጠ።

«ሃልዴን ምን አለዎት?» አለች ሃላስ።

«ከሰዓት በኋላ የከተማው ምክር ቤት ፊት ቀርቤ ሁሉንም እናገራለሁ አለኝ።»

«ሁሉንም ማለት?»

«ሆን ብዬ እንደምሸነፍ።»

የሜዳው ውኃ ወደ ቱቦው ሲወርድ ይሰማ ነበር።

የቀረውን አንገቱን ደፍቶ ተረከው። ዕቅዱ ገንዘብ መቆጠብ ብቻ አልነበረም። ወጪ መቁረጥ ቢፈለግ ኖሮ ማንም የማያውቃቸውን ውድ ተጫዋቾች መሸጥ ይቻል ነበር። ሃልዴን የታዘዘው ሕዝቡ የሚወዳቸውን አስቀድሞ እንዲሸጥ ነው። ኦስትራንደር ደግሞ ሽንፈቱን መራራ እንዲያደርገው፤ የደከመውን ወርዋሪ እስኪቀጠቀጥ ሜዳ ላይ እንዲተወው፣ ጥሩዎቹን ወንበር ላይ እንዲያስቀምጣቸው። የተፈለገው ቁጣ ነበር። አንድ ቀን የተቆጣ ሰው ጠርሙስ ይወረውራል፣ አንድ ሰው ይጎዳል፣ የውሉ በር ይከፈታል። ሰው የሚራበው የተለያየ ነው፤ ላትሮፕ የተራበው ሌላ ሰው የሚወረውረውን ድንጋይ ነበር። ለኦስትራንደር የተገባለት ቃል በአዲሱ ከተማ እስኪሞት ድረስ አሰልጣኝ ሆኖ እንደሚቆይ ነው። በዚህ ዕድሜ ሌላ ማንም አይቀጥረውም፤ ከቤዝቦል ሌላም አንድ ነገር አያውቅም።

ሃልዴን ግን አልቻለበትም። እንቅልፍ አጣ። ጨዋታ ባለበት ቀን ጠዋት ብቻውን ጉብታው ላይ መቆም ልማዱ ነበር፤ ማክሰኞም እንደልማዱ ወጣ። ኦስትራንደር ቀኝ በሩ ጋ ቦቲውን አጠለቀ፣ የወደቀውን ካርቶን አነሳ፣ ዱላ ይዞ ተከተለው።

«ካርቶኑን ለምን?» አለች ሃላስ።

«እናንተ ደጋፊ እንድትፈልጉ ነው። ሚስተር ላትሮፕም የሚፈልገውን እንዲያገኝ። ብልጠት መሰለኝ።» ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ይቅር በለኝ አልኩት፣ ዝም በል አልኩት። ለመንኩት። የዚህ ከተማ ሰው ልጁን በእኔ ስም ይጠራል። እንዴት ብዬ ነው... እንዴት ይወቁት?»

ፒንክኒ ሊያስረው ቀረበ። ሽማግሌው ሁለት እጁን ሰጠው።

«ስምህ ማነው ልጄ?»

ፒንክኒ መጀመሪያ ካቴናውን ቆለፈ።

«ሜርል። በእርስዎ ስም» አለው።

ላትሮፕ እዚያው ቆሞ ሁሉንም ሰማ። ሃላስ ወደ እሱ ዞራ ተሸነፍ ብለውት ነበር ወይ ስትለው፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ እንዳልወጣ ነገራት። እውነቱን ነው። ኦስትራንደርም በኋላ ጣቢያ ሲጠየቅ ይህንኑ አረጋገጠ፤ ላትሮፕ አንድ ቀንም ተሸነፍ አላለውም፤ «ለማሸነፍ አትቸኩል» ነው ያለው። ዐቃቤ ሕጉ ይህን ዐረፍተ ነገር ገልብጦ ገልብጦ አየው፤ ከየትኛውም የወንጀል አንቀጽ ጋር አልገጥም አለው። ሀብታም ሰው ሕግ አይጥስም። ሕጉ የማይደርስበት ቋንቋ ይማራል እንጂ፤ ለዚህ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶችም አሉ፣ ክፍያቸው ውድ ነው።

ዓርብ ዳኛዋ ወሰነች። ገዳዩ የቡድኑ የራሱ ተቀጣሪ ስለሆነ የውሉ በር አይከፈትም፤ ቡድኑ አይሄድም። ቫሽኮ ነጻ ወጣ። ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ሆኖ ለሃላስ በሩቁ ኮፍያውን አነሳላት። በዚያች ማታ በየመጠጥ ቤቱ ሰው ተቃቀፈ። እሷም ቤቷ ገብታ ጫማዋን አውልቃ፣ አለቀ ብላ ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት የኦስትራንደር ቃል ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሙሉውን።

ሰዎች ግድያውን ይቅር ሊሉ ይችሉ ነበር ይሆናል። ሌላውን ግን አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዝናብ ጋር፣ ከሽንፈት ጋር ተቀምጠው፣ ከኪሳቸው ከፍለው፣ ልጆቻቸውን ነገ ይሻላል እያሉ ያባበሉበት ጨዋታ ሁሉ ሆን ተብሎ የተሰጠ ነበር። ቀትር ላይ የስታዲየሙ በር በሰው ተጨናነቀ። የሚጮህ አልነበረም። ሃላስ ከፖሊሶቹ ጋር ስትደርስ ያስፈራት ዝምታው ነው።

ከብረት በሩ ፊት፣ እጁን ዘርግቶ የቆመው ቫሽኮ ነበር። ድምፁ ተዘግቷል። አትወርውሩ፣ እሱ የሚፈልገው ይህንን ነው፣ አንድ ጠባቂ ቢጎዳ በሩን ራሳችን ከፈትንለት ማለት ነው እያለ ይለምናል። ግማሹ ሰማው። አንዳንዱም እጁን ወደ ኪሱ መለሰ። ላይ፣ በባለቤቱ ቢሮ መስኮት፣ አንድ ሰው ካሜራ በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ተክሎ ወደ ታች ያያል።

ከፊት ረድፍ አንዲት አሮጊት ወጡ። ሚስስ ጋቦር ይባላሉ፤ ከቫሽኮ ጋር በየሰልፉ የነበሩ፣ ጨዋታ የማያመልጣቸው ሴት ናቸው። በእጃቸው የመንገድ ጠርዝ ስባሪ ድንጋይ አለ። ቫሽኮ አንጓቸውን ያዘው።

«እማማ፣ አያድርጉት። እየቀረጹን ነው።»

«ይቅረጹኝ።»

«ቡድኑ ይሄዳል።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። ዓይናቸው ደረቅ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ የት ያለ ቡድን? ዕድሜዬን ሙሉ አጨበጨብኩላቸው። አሁን አንድ ጊዜ ልወርውርባቸው።»

ሃላስ በሰዎቹ መሃል እየተጋፋች ወደ እነሱ ትገሠግሥ ነበር። ያዛቸው፣ እንዳትለቃቸው ልትለው ነበር፤ አላለችውም። ቫሽኮ መስኮቱን አየ። አሮጊቷን አየ። እጃቸውን ለቀቀ።